በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ያለ ፈቃድ ታድሶ ከሆነ ተጠያቂው ማን ነው?

በእንግሊዝ ኖርፎክ አውራጃ ባሕር ዳርቻ የሚሸጥ የታደሰ የመኳንንት ቤት ሊገዙ አስበው፣ ሻጩ መስኮቶቹን ያለ ፈቃድ ለውጠው ይሆናል ብለው ጠርጥረዋል፤ ኃላፊነቱ ወደ እርስዎ ይተላለፍ እንደሆነም ጠይቀዋል። አዎ፣ የማስተካከል ኃላፊነቱ ወደ እርስዎ ይተላለፋል። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነና እንደ ጠረጠሩት ሻጩ መስኮቶቹን ያለ ፈቃድ ለውጠው ከሆነ፣ በቅርስነት ስለተመዘገቡ ሕንፃዎች በወጣው የእንግሊዝ የ1990 (እ.ኤ.አ.) ሕግ መሠረት የአካባቢው ምክር ቤት የቀድሞው መልክ እንዲመለስ ሊያዝዝ የሚችለው የወቅቱን ባለቤት ነው፤ ለዚህም የይርጋ ገደብ የለውም። በወንጀል የሚጠየቀው ግን ሥራውን የሠራው ወይም ያሠራው ሰው ነው።

ውል ከመፈረምዎ በፊት፦

1. የቤቱን ደረጃ በእንግሊዝ የቅርስ ጥበቃ ተቋም (ሂስቶሪክ ኢንግላንድ) የቅርስ መዝገብ ላይ በነፃ ይመልከቱ።
2. ጠበቃዎ እድሳቱን ከምክር ቤቱ የፈቃድ መዝገብ ጋር እንዲያመሳክሩ ያድርጉ። ፈቃድ የሌለው ሥራ ከተገኘ፣ ሥራው ባለበት እንዲፈቀድ ሻጩ ራሳቸው ከሽያጩ በፊት ለምክር ቤቱ ያመልክቱ፤ የኢንሹራንስ ሽፋን ብቻ ቢያቀርቡልዎ አይቀበሉ።

ከልምዴ አንድ ነገር ላሳስብዎ። በባሕር ዳር ቤቶች ላይ ደጋግሜ ያየሁት ጉዳት፣ በጥንቱ የኖራ ማያያዣ ምትክ ሲሚንቶ የተሞላበት ግድግዳ ነው። ሲሚንቶው እርጥበቱን ስለሚያፍነው ውኃውና የባሕሩ ጨው በጡቡ በኩል ይወጣሉ። በጡቦቹ መካከል ያለው ሲሚንቶ ደህና ሆኖ ጡቡ ራሱ እየተላጠ ወደ ውስጥ ሲጎደጉድ ካዩ፣ የጥንት ቤቶችን የሚያውቅ መርማሪ ሳያየው ዋጋ አይነጋገሩ።