መልስ፦ የቴትሪስ ሪሚክሴ ሚኒባስ ውስጥ ለምን ይታፈናል?

ወንድሜ፣ የጌም ቦዩን የቴትሪስ ዜማ ወደ ሲንዝዌቭ (የድሮ ሲንተሳይዘር ድምፅን የሚከተል ስልት) ቀይረኸው በሄድፎን ሲያምር፣ ከፒያሳ አራት ኪሎ በሚሄድ ሚኒባስ ሲከፈት ባሱ ጠፋ፣ ዜማው ተድበሰበሰ ነው ያልከው። ስፒከሩን አትውቀስ፣ ችግሩ ሚክሱ ላይ፣ ድምፆቹን ባዋሃድክበት መንገድ ላይ ነው።

ከሁሉም የባሰው ሊዱ (ዋናውን ዜማ የሚጫወተው ድምፅ) ነው። ጌም ቦይ ያለው 4 የድምፅ ቻናል ብቻ ነው፦ 2 ፐልስ፣ 1 ዌቭ፣ 1 ኖይዝ። ሪቨርብ (ማስተጋባት) የለውም፤ ኖታው ጥርት ብሎ ይቆረጣል፣ የዜማው ለዛም እዚያው ላይ ነው። በለጠፍከው ፎቶ ላይ እንደሚታየው ግን በ100 ቢፒኤም (በደቂቃ 100 ምት)፣ ኤይትዝ ኖት (ግማሽ ምት) 300 ሚሊሰከንድ በሆነበት፣ ለሊዱ 600 ሚሊሰከንድ ሪሊዝ (ኖታው ከተለቀቀ በኋላ የሚከስምበት ጊዜ) ሰጥተሃል። አንዱ ሳያልቅ ቀጣዮቹ ሁለቱ ይደረቡበታል። ሪሊዙን ወደ 100 ሚሊሰከንድ አውርደው። የድምፁን ስፋት በዲሌይ (ድምፁን ዘግይቶ በሚደግም ኢፌክት) አምጣው፦ ዶትድ ኤይትዝ (የኤይትዝ አንድ ተኩል እጥፍ)፣ ማለትም 450 ሚሊሰከንድ፤ ከዲሌዩ ላይ ከ400 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጥ።

ባሱን በተመለከተ፣ ዜማውን በኤ ማይነር ስለተውከው የታችኛው ኤ 55 ኸርዝ ላይ ይወድቃል፤ ትንሽ ስፒከር ይህን አያወጣም። ቮልዩም ብትጨምር ኪኩን (ትልቁን ከበሮ) ከመዋጥ በቀር አይፈይድልህም። ሳቹሬሽን (ድምፁን በትንሹ የሚያዛባ ኢፌክት) ስጠው፤ 110 እና 165 ኸርዝ ላይ ያሉት ሃርሞኒኮች (የ55 ብዜቶች) ሲጎሉ የጠፋውን 55 ጆሮ ራሱ ይሞላዋል። ኮረሱንም (ድምፁን አባዝቶ ግራና ቀኝ የሚያሰፋውን ኢፌክት) ከባሱ ላይ አንሳ፤ ግራና ቀኙ ሞኖ ላይ፣ ማለትም በአንድ ቻናል፣ ሲቀላቀሉ ይጠፋፋሉ።

ጌትድ ስኔሩ (ማስተጋባቱ በድንገት የሚቆረጠው ከበሮ) አሪፍ ነው፣ አትንካው (ለነገሩ ከሁሉ የተዋጣልህ እሱ ነው)። መግቢያው ላይ ግን 40 ሰከንድ ፓድ (ረጅም፣ ለስላሳ የጀርባ ድምፅ) ብቻውን ያሰለቻል፤ 8 ባር (እያንዳንዱ 4 ምት)፣ 19 ሰከንድ ገደማ፣ ይበቃዋል።