መልስ፦ ጤና ጣቢያን የመምረጥ መብት ድሃውን ይጎዳል ወይ?

ጥያቄህ ስለ ስዊድን ስለሆነ በዚያው ልመልስ። ጉዳቱ ከምርጫው ይልቅ ከክፍያው ቀመር ይመጣል።

ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ታካሚው ጤና ጣቢያውን ይመርጣል፤ መስፈርት ያሟላ የግል ተቋም በፈለገው ሰፈር ይከፍታል፤ የሕዝብ ገንዘብም ታካሚውን ይከተላል። ስቶክሆልም ቀድማ በ2008 ስትጀምር አብዛኛውን ክፍያ ያሰላችው በጉብኝት ብዛት ነበር። እንግዲህ አስበው፦ ጉሮሮውን የከረከረው ወጣት በአሥር ደቂቃ ይወጣል፤ ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው፣ አስተርጓሚ የሚያስፈልጋቸው እናት ግን ብዙ ጊዜ ይወስዳሉ። ክፍያው ከተቀራረበ ጣቢያው ማንን ይመርጣል? የመንግሥት ኦዲት መሥሪያ ቤቱም በ2014 ሥርዓቱ «የባሰበት ይቅደም» ለሚለው መርህ እንዳልተመቸ ጽፏል።

ማስተካከያው ጣቢያው ላይ በተመዘገበ ሰው ቁጥር መክፈልና ችግር ለበዛባቸው ሰዎች ክፍያውን ከፍ ማድረግ ነው፦ ሥራ አጥነት፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን፣ ነጠላ ወላጅ፣ ዝቅተኛ ትምህርት፣ ውጭ አገር መወለድ። ክፍያውን ለታካሚው በተመዘገበው በሽታ የሚመዝኑ ክልሎችም አሉ፤ እሱ ግን ጣቢያዎች በሽታ አብዝተው እንዲመዘግቡ ይገፋፋል።

አንድ ነገር ልብ በል፦ በድሃ ሰፈርም የጉብኝት ቁጥር ሊጨምር ይችላል። ፍትሐዊነት የሚለካው ጉብኝቱ ከሕመሙ ክብደት ጋር ሲነጻጸር ነው።