ስለ ዓሣ ዘይት ጠይቁኝ፤ «የቱ ይሻላል?» ብቻ አትበሉኝ

እንደምን አመሻችሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ደም ግፊት ልናወራ ተቀምጠን ጥያቄው ሁሉ ወደ ዓሣ ዘይት ሄደ። ስለዚህ ዛሬ ማታ እሱን ብቻ እናንሳ። ለአዲስ ገቢዎች፦ ፋርማሲስት ነኝ፤ ባንኮኒ ጀርባ 22 ዓመት ቆሜያለሁ። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል። ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች፣ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ የዓሣ ዘይት እንዳትጀምሩ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ፤ ከሰለቻችሁም ይሰልቻችሁ።

ከአዳማ፦ ዶክተር፣ ጥሩ የሚባለው የዓሣ ዘይት የቱ ነው?

ፋርማሲስቷ፦ ዶክተር አይደለሁም። ለማን ነው? ለምን ተፈለገ? ዕድሜው ስንት ነው? ምን መድኃኒት ይወስዳል? እሱን ይዘህ ተመለስ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እናቴ አዲስ አበባ ናት። በሄድኩ ቁጥር 1000 ሚሊ ግራም የሚለውን ትልቁን ጠርሙስ እወስድላታለሁ። 400 ፍሬ ነው፣ ዓመት ያደርሳታል። ጥሩ ነው አይደል?

ፋርማሲስቷ፦ እናትህን ማሰብህ ይባረክ። አሁን ጠርሙሱን አዙረው። ፊት ለፊት የተጻፈው 1000 የዘይቱ ክብደት ነው እንጂ ኦሜጋ 3 የሚባለው ተፈላጊው ስብ አይደለም። እኛ የምንፈልገው ኢ.ፒ.ኤ እና ዲ.ኤች.ኤ የሚባሉትን ሁለቱን የኦሜጋ 3 ዓይነቶች ነው። ጀርባው ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፈዋል። በተለመደው ባለ 1000 ካፕሱል ኢ.ፒ.ኤው 180፣ ዲ.ኤች.ኤው 120 ነው። ድምሩ 300 ብቻ። የቀረው 700 ሌላ ስብ ነው። የአንድ ኪሎ ሥጋ ከፍለህ ሰባት መቶ ግራሙ አጥንት ሆኖ ቤት እንደ መግባት ቁጠረው። አንዳንዱ ደግሞ ፊት ለፊት ትልቅ ቁጥር ይጽፍና ጀርባው ላይ «አንድ መጠን ማለት 2 ካፕሱል ነው» ይላል። እሱንም እይ።

ሌላው፣ አሜሪካ ውስጥ በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት ሰፕሊመንት፣ ማለትም እንዲህ ያለ የምግብ ማሟያ፣ ገበያ ከመውጣቱ በፊት የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍ.ዲ.ኤ መርምሮ አያጸድቀውም። ስለዚህ በገለልተኛ ተቋም የተመረመረ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ፈልግ፤ ዩ.ኤስ.ፒ ወይም ኤን.ኤስ.ኤፍ የሚል። ምልክቱ የተጻፈው ነገር ውስጡ እንዳለ ይነግርሃል። ያድናል ማለት ግን አይደለም።

ደግሞ 400 ፍሬ አታምጣ። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ። እናትህስ ደም የሚያቀጥን ነገር ትወስዳለች? ጠይቃት።

ከሐዋሳ፦ እኔ ካፕሱሉን ከዋጥኩ በኋላ ቀኑን ሙሉ ዓሣ ዓሣ ያገሳኛል። ባለቤቴ ሸሸችኝ።

ፋርማሲስቷ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል። አንዱ ቀላል ነው፤ በባዶ ሆድ እየዋጥከው ነው። ምግብ ላይ ውሰደው፣ ያውም ቅባት ያለው ምግብ ላይ። ሰውነትህም ያኔ ነው በደንብ የሚቀበለው። መጠኑን ለሁለት ከፍለህ ጠዋትና ማታ ብታደርገውም ይቀልልሃል።

ሁለተኛው ግን ዘይቱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ታገሡኝ። የዓሣ ዘይት ከምናውቃቸው ዘይቶች ቶሎ ከሚበላሹት አንዱ ነው። ያ የምንከፍልበት ኦሜጋ 3 ራሱ ነው ኦክስጅን ፊት የማይቆመው። አየር፣ ብርሃንና ሙቀት ጠላቶቹ ናቸው። የዘይት አምራቾቹ ራሳቸው ወሰን አውጥተውለታል፤ ፐርኦክሳይድ የሚባለው ልኬት ከ5 እንዳይበልጥ፣ አጠቃላይ የመበላሸት ልኬቱ ደግሞ ከ26 እንዳያልፍ። ይህ ግን ፋብሪካው በር ላይ ያለው ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ጉዞ አስቡት። መጋዘን፣ መርከብ፣ ሱቅ፣ ሻንጣ፣ በመጨረሻም የናንተ ቤት።

የናንተን ቤት ደግሞ አውቀዋለሁ። ጠርሙሱ ቡፌ ላይ እንደ ጌጥ ተቀምጧል፣ ፀሐይ በመስኮት ይመታዋል። ወይም «ፍሪጅ ላይ ነው የማስቀምጠው» ትሉኛላችሁ። ፍሪጅ ላይ! እዚያ ከቤቱ ሁሉ ሞቃቱ ቦታ ነው። እኔ የምለው ፍሪጅ ውስጥ ነው። የከረመ ቅቤ ወዳጅ አለው፣ እንደ መድኃኒትም ይፈለጋል። የከረመ የዓሣ ዘይት ግን ወዳጅ የለውም።

ቤት ውስጥ እንዲህ ፈትሹት። አንዱን ካፕሱል በመርፌ ብሱና አሽቱት፣ ጠብታዋን ቅመሱ። ትኩሱ ቀለል ያለ የዓሣ ጠረን አለው። የተበላሸው የቆየ የግድግዳ ቀለም ይሸታል፣ ምላስ ላይም ይመራል። ሎሚ ወይም ብርቱካን ጣዕም የተጨመረበት ካፕሱል ጠረኑን ይደብቃል፤ እኔ ስለዚህ አልወደውም። ትንሽ ጠርሙስ ግዙ፣ ከፍታችሁ በሁለት ሦስት ወር ጨርሱ። 400 ፍሬ አታምጣ ያልኩት ለዚህ ነው።

ሸገር 09፦ እኔ ግን ቪዲዮ አይቻለሁ። ዘይቱን በነጭ የፎም ኩባያ ላይ ሲያፈሱት ኩባያውን በላው! ሆዳችንንስ?

ከባህር ዳር፦ እኔም ሞክሬዋለሁ፣ እውነት ቀለጠ። ሙሉ ጠርሙስ ጣልኩ።

ሸገር 09፦ አላልኳችሁም! መርዝ ነው የሚሸጡልን።

ፋርማሲስቷ፦ አንዳንዱ የዓሣ ዘይት ሲጣራ ኢታይል ኤስተር ወደሚባል መልክ ይለወጣል። ያ መልክ ፎም ያሟሟል። የብርቱካን ልጣጭ ዘይትም ያሟሟዋል፣ ሞክሩት። ሆድህ ከፎም የተሠራ ከሆነ ተጠንቀቅ። የባህር ዳሯ፣ ደህና ዘይት ነው የጣልሽው፤ አዝናለሁ።

ከሮም፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ አምስተኛ ወሬ ነው። ጎረቤቴ ኮድ ሊቨር የሚባለውን ሰጠችኝ።

ፋርማሲስቷ፦ መልሺላት። ኮድ ሊቨር ከዓሣው ጉበት የተጨመቀ ነው፤ ቫይታሚን ኤ እና ዲ አለው። ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ደግሞ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። የምትወስጂው የእርግዝና ቫይታሚን ውስጥም ሊኖር ስለሚችል ይደራረብብሻል። ከዓሣው ሥጋ የሚወጣው ተራው የዓሣ ዘይት ሌላ ነገር ነው። እንዲያውም በ2018 እ.ኤ.አ. ኮክሬን የተባለው ተቋም 70 ጥናቶችን ሰብስቦ አይቶ፣ በእርግዝና ጊዜ ኦሜጋ 3 ከ37 ሳምንት በፊት መውለድን ከ100 ወላዶች ከ13 ገደማ ወደ 12 ገደማ እንደሚያወርድ አግኝቷል። ትንሽ ነው፣ ግን አለ። ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪበት። ጉበቱን ግን ተዪ።

ተክለ፦ በሁዳዴ መውሰድ ይቻላል?

ፋርማሲስቷ፦ ይህን የንስሐ አባትህን ጠይቅ።

ከጎንደር፦ ዓሣ እኮ ይበላል። ደም የለውም።

ተክለ፦ ደም የለውም ያለህ ማነው? ዓሣ አርደህ አታውቅም?

ከጎንደር፦ አያቴ ሲበሉ ነው ያደግኩት።

ከመቀሌ፦ የኛ ቤት ደግሞ አይነካም። አያት ለአያት አናወዳድር።

ተክለ፦ እኔ የጠየቅኩት ስለ ካፕሱሉ ነበር እኮ።

ከጅማ፦ ስለ ካፕሱሉ ከሆነ እኔም ልጠይቅ። ጄላቲኑ ከአሳማ ነው ይባላል። ለሙስሊሙስ?

ፋርማሲስቷ፦ የዓሣውን ክርክር ሌላ ቀን ጨርሱት። የጅማው ጥሩ ጠየቅክ። የካፕሱሉ ልባስ ከአሳማ፣ ከከብት ወይም ከዓሣ ሊሠራ ይችላል። «ጄላቲን» ብቻ ብሎ ምንጩን ካልጻፈ አታምነው፤ ሐላል የሚል ምልክት ፈልግ። ለጿሚውም ለሙስሊሙም አንድ መንገድ አለ፤ ከውኃ አልጌ የሚወጣ ዘይት። ዓሣውም ቢሆን ኦሜጋ 3ውን የሚያገኘው ከዚያው ከአልጌ ነው። ልባሱ ከዕፅዋት የሆነውን ምረጥ። ዋጋው ወደድ ይላል።

የሸዋዋ፦ ተልባ እያለልን ይሄ ሁሉ ወጪ ለምንድን ነው? ተልባ ኦሜጋ 3 ሞልቶበታል።

ፋርማሲስቷ፦ ሞልቶበታል፣ እውነት ነው። ዓይነቱ ግን ሌላ ነው። ሰውነት የተልባውን ወደ ኢ.ፒ.ኤ የሚለውጠው በጥቂቱ ነው፤ ወደ ዲ.ኤች.ኤ ደግሞ ከዚያም ባነሰ። ተልባ ጠጪ፣ ለሆድ ድርቀት እኔም እጠጣለሁ። የዓሣ ዘይት ምትክ ነው አትበዪ እንጂ።

የሸዋዋ፦ አባቶቻችን በተልባ ነው መቶ ዓመት የኖሩት።

ፋርማሲስቷ፦ እሺ።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ለልብ ይጠቅማል ይባላል። ስኳር አለብኝ፣ 68 ዓመቴ ነው።

ፋርማሲስቷ፦ ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት። በ2018 እ.ኤ.አ. ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ወጡ። አንዱ 15,480 የስኳር ሕሙማንን፣ ሌላው 25,871 ሰዎችን ለዓመታት ተከታትሏል። በቀን አንድ ካፕሱል የወሰዱትና ያልወሰዱት የልብና የደም ሥር ከባድ ሕመሞች በጥቅሉ ሲታዩ ያን ያህል አልተለያዩም። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስባቸው በጣም ከፍ ላለ ሰዎች ሐኪም የሚያዘው በቀን 4 ግራም የሆነ ጠንካራ መድኃኒት አለ፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው። ከሱቅ ካፕሱል ቆጥረው እሱን ለመተካት እንዳይሞክሩ። መጠኑ ከፍ ሲል የልብ ምት መዛባት እንደሚጨምርም ታይቷል። ስለዚህ ብሩን ለስኳር መለኪያው ስትሪፕ ያውሉት። ደም የሚያቀጥን መድኃኒትስ ይወስዳሉ?

ጡረተኛው መምህር፦ አስፕሪን። ተባረኪ።

ፋርማሲስቷ፦ አስፕሪንም ደም ያቀጥናል። እንግዲያው ሐኪምዎን ሳይጠይቁ ምንም አይጀምሩ።

ከሪያድ፦ ለልጄ ጭንቅላት ጥሩ ነው? ስድስት ዓመቷ ነው።

ፋርማሲስቷ፦ የሕፃናት ሐኪም ጠይቂ። ካፕሱሉን ግን ለሕፃን እንዳትሰጪ፣ ያንቃል።

ከድሬዳዋ፦ ከሁሉም የቱ ብራንድ ይሻላል?

ፋርማሲስቷ፦ ከላይ አንብብ።

ከዱባይ፦ አባቴ ዋርፋሪን ይወስዳል። ከወር በፊት የዓሣ ዘይት ላኩለት፣ በቀን አራት እየዋጠ ነው። አሁን ድዱ ይደማል። ምን ላድርግ?

ፋርማሲስቷ፦ ዛሬ ማታ ደውይለት። ዘይቱን ያቁም። ዋርፋሪኑን ግን በራሱ እንዳያቆም! ነገ ጠዋት ዋርፋሪኑን ወዳዘዘለት ሐኪም ቤት ይሂድ፣ አይ.ኤን.አር የሚባለውን የደም ምርመራ ያሠራ። የሚወስደውን ሁሉ፣ ጠርሙሱን ጭምር ይዞ ይሂድ። ሰገራው ከጠቆረ፣ ራሱን በኃይል ካመመው ወይም ወድቆ ጭንቅላቱን ከተመታ ነገን አይጠብቅ፤ በዚያው ሌሊት ይውሰዱት። ስትደውዪ እዚህ አሳውቂን።

ሌሎቻችሁ፣ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ያላችሁም ለሐኪሙ ተናገሩ። «ቫይታሚን ብቻ ነው» ብላችሁ አትደብቁ።

ከአዳማ፦ ተመለስኩ። ለራሴ ነው፣ 34 ዓመቴ ነው፣ በሽታ የለብኝም፣ መድኃኒት አልወስድም። ጓደኞቼ ሁሉ ይወስዳሉ፣ ለዚያ ነው።

ፋርማሲስቷ፦ አየህ፣ እንዲህ ሲጠየቅ እንዴት ደስ ይላል። አትግዛ። በሳምንት ሁለት ቀን ዓሣ ብላ። የሐይቆቻችን ቆሮሶ ጥሩ ምግብ ነው፣ ኦሜጋ 3ው ግን ትንሽ ነው። የሰርዲን ቆርቆሮ ይሻልሃል። አንዱ ቆርቆሮ ብቻውን ሦስት ካፕሱል የሚያህል ኦሜጋ 3 አለው፣ ፕሮቲኑ ደግሞ ምርቃት ነው። ዓሣ የማይስማማህ ከሆነ ግን ዓሣውንም ካፕሱሉንም ተው።

ከዱባይ፦ ደወልኩ። ወንድሜ ነገ በጠዋት ይወስደዋል። እግዜር ይስጥሽ።

ፋርማሲስቷ፦ ተመስገን። ውጤቱን ንገሪን።

ከአዳማ፦ ይቅርታ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ሰርዲን የቱ ይሻላል?