ዓይን ሲደክም፣ ልምድ ሲገምት

ልጆቼ፣ የጥብቅና ሥራ ከዳኛ ፊት ቆሞ መከራከር ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው ማንበብ ነው። ውል፣ ኑዛዜና የፍርድ ግልባጭ ሳነብ ነው ጸጉሬ የሸበተው፤ ዕድሜ ንባብን ምን እንደሚያደርገው ልንገራችሁ ብል ከሙያዬ አልወጣሁም።

የዓይኑ ነገር ቀላሉ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ የዓይን ሌንስ እየጠነከረ ስለሚሄድ ቅርብ ያለውን አጥርቶ ማየት ያዳግተዋል። አባታችሁ ጋዜጣውን ከፊቱ እያራቀ፣ ክንዱ አልበቃ ሲለው «ጽሕፈቱ ደበዘዘ» የሚለው ለዚህ ነው። መነጽር ያቃናዋል። ለእናንተ የሚበቃው አምፖልም ለእኛ አይበቃም። ፊደላችን ደግሞ ምሕረት የለውም፤ «ነ»ን ከ«ኘ»፣ «ተ»ን ከ«ቸ» የሚለየው አናቱ ላይ ያለች ጭረት ናት። በመነጽር የማይጠራ ብዥታ ሲመጣ ግን «እርጅና ነው» ብሎ መተው አይገባም። የዓይን ሞራ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይነሣል፤ ግላኮማ ከሆነ ግን አንዴ የወሰደውን ብርሃን አይመልስም፤ ስለዚህ በጊዜ ይታይ።

ከባዱ ከዓይን በስተጀርባ ያለው ነው። ያነበብነውን ለአፍታ ይዘን ከሚቀጥለው ጋር የምናገናኝበት ችሎታ ከዕድሜ ጋር ይቀንሳል። አማርኛ ደግሞ ግሡን ለመጨረሻ ያቆያል። እስቲ ይህን አንብቡ፦ «ሻጭ፣ ገዢው ቀሪውን ገንዘብ በውሉ በተመለከተው ቀን ያልከፈለ ወይም ቤቱን ከመረከቡ በፊት ለሦስተኛ ወገን ያስተላለፈ ካልሆነ በስተቀር፣ ይህን ውል ማፍረስ አይችልም።» ሻጩን ይዛችሁ፣ የገዢውን ሁለት ጥፋቶች አልፋችሁ፣ «አይችልም» ላይ መድረስ አለባችሁ። እናንተ በአንድ ትንፋሽ ትዘልቁታላችሁ። የ70 ዓመት ሰው መካከሉ ላይ ሻጩ ይጠፋበትና ወደ ኋላ ይመለሳል። መመለሱ ብልህነት ነው፤ እኔን የሚያሰጋኝ የማይመለሰው ነው።

ለምን አይመለስም? ስለሚያውቅ። የቃላት ሀብትና የሙያ ዕውቀት፣ የንባብ ፍጥነት ከቀነሰ በኋላም፣ ለብዙ ዓመታት ይጨምራሉ። አዛውንት አንባቢ የቃሉን አቀማመጥ ቢረሳም ፍሬ ነገሩን ይይዛል፤ ከወፍራም መዝገብ ውስጥ ክርክሩ ያለበትን ገጽ ቶሎ የሚያገኘው ሽማግሌው ጠበቃ ነው። ግን ያው ዕውቀት ያታልላል፤ ዓይን የተወውን ልምድ በግምት ይሞላዋል። ብዙ የቤት ሽያጭ ውል ያየ ሰው የሚቀጥለውን አንቀጽ ሳያነበው ያውቀዋል፤ ተንኮለኛ አርቃቂ «አይችልም»ን «ይችላል» የሚያደርገውም እዚያው ነው። ስለዚህ እኔ አስቀድሜ ግሡን እፈልጋለሁ፤ ከዚያ ወደ መነሻው ተመልሼ ድምፄን አሰምቼ አነባለሁ። ሬዲዮው ይጠፋል። በስልክ ማንበብን የሚነቅፉ እኩዮቼን ግን አልከተልም፤ ፊደልን በጣት ማተለቅ ለሽማግሌ ትልቅ ጸጋ ነው።

ከእናንተ የምፈልገው አሁን፣ ጉልበቱ ሳለ፣ ረጅምና አስቸጋሪ ጽሑፍ እንድታነቡ ነው። በኋላ ፍጥነት ሲከዳችሁ የሚደግፋችሁ ዛሬ ያከማቻችሁት ነው፤ አጭር ማጠቃለያ ብቻ ያነበበ ሰው በ60 ዓመቱ በምን ይገምታል?

ሌላው የወላጆቻችሁ ጉዳይ ነው። ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ታዘቡ፤ ወረፋው ደርሷል፣ ልጁ ገጹን እየገለጠ «እማዬ፣ እዚህ ላይ ፈርሚ» ይላል፣ እናት መነጽራቸውን ከቦርሳ ሳያወጡ ይፈርማሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1731 በአግባቡ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ እንደሆነ ይናገራል። እናታችሁ ሳያነቡ የፈረሙት ሕግ ይሆንባቸዋል ማለት ነው። ረቂቁን ቀደም ብላችሁ፣ በትልቅ ፊደል አትማችሁ ስጧቸው፤ ጠዋት፣ አእምሯቸው ሳይደክም፣ አብራችሁ አንብቡ። «ገባሽ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ላለማስቸገር ሲሉ «አዎ» ይላሉ። «ገዢው ቀሪውን ገንዘብ ባይከፍልሽ ምን ማድረግ ትችያለሽ?» በሏቸው። ይህን በራሳቸው አፍ ከመለሱ ብዕሩን አቀብሏቸው።