ስላይድ ከመክፈታችሁ በፊት ላይብረሪ ግቡ

ልጆች፣ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ቂሊንጦ ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከሰፈሬ ብዙም አይርቅም። ታክሲ ሰልፍ ላይ ስለ ነገ ፕረዘንቴሽን የሚጨነቁ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ አጠገቤ ይቆማሉ። የሚያወሩት ግን ስለ ስላይዱ ቀለም ነው፤ ይሄ ያሳስበኛል።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በውሃ መሐንዲስነት ነው። ተማሪ ሳለሁ ስለ አቃቂ ወንዝ ብክለት አቀረብኩና መምህሩ አንዱን ቁጥር ጠቁሞ «ይሄን ማን ለካው? መቼ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ያኔ ያፈርኩት እስካሁን አይረሳኝም።

በማግስቱ ላይብረሪ ሄጄ «ስለ ብክለት መጽሐፍ ፈልጌ ነበር» አልኳት ሠራተኛዋን። «እሱ ርዕስ ነው፤ ጥያቄህ ምንድነው?» አለችኝ። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ትንሹ አቃቂ ነው ወይስ ትልቁ? ሁለቱም ወንዞች አባ ሳሙኤል ግድብ ነው የሚገቡት፣ ግን የሚያልፉበት ሰፈር ይለያያል። የፋብሪካ ፍሳሽ ነው ወይስ የቤት? በክረምት ነው ወይስ በበጋ? ዝናብ ሲበዛ ቆሻሻው ይቀጥናል፣ በበጋ ውሃው ሲያንስ ይወፍራል፤ ስለዚህ ወሩ ያልተጻፈበት ልኬት ብዙም አይነግራችሁም። ጥያቄዬን ሳስተካክል የመመረቂያ ጥናቶች መደርደሪያ ጋ ወሰደችኝ። እዚያ ያገኘኋት አንዲት ሠንጠረዥ፣ ቦታው፣ ወሩና የለካው ሰው ስም ያለባት፣ የመጀመሪያውን ፕረዘንቴሽኔን በሙሉ ታስንቃለች።

ዛሬ ለእናንተ ይቀላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብዙ የመመረቂያ ጥናቶች ኢንተርኔት ላይ አሉ። አንድ ጥሩ ቴሲስ ስታገኙ መጨረሻው ላይ ያለውን የዋቢ ዝርዝር እዩ፤ ቀጥሎ የምታነቡትን እሱ ይመራችኋል። ዩኒቨርሲቲው የሚከፍልባቸው ጆርናሎች ብዙውን ጊዜ የሚከፈቱት በግቢው ኔትወርክ ስለሆነ፣ እንደኛ ዳር ሰፈር የምትኖሩ ልጆች ወደ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት አውርዳችሁ በፍላሽ ያዙ፣ ዳታም ትቆጥባላችሁ።

ቁጥር ላይ ተጠንቀቁ። «የአዲስ አበባ ሕዝብ ይሄን ያህል ነው» ብሎ የሚጀምር ፕረዘንቴሽን ስንት ጊዜ ሰማሁ! የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው፤ ያኔ ከተማዋ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ነበረች። ከዚያ ወዲህ የምትሰሙት ሁሉ ግምት ነው። ግምት መጠቀም ነውር የለውም፣ ግን ግምት መሆኑንና ማን እንደገመተው ስላይዱ ላይ ጻፉት።

ስላይድ መሥራት ከዚህ በኋላ ቀላል ነው፤ ሠንጠረዡን ሙሉውን አትለጥፉ፣ የምትናገሩበትን ሁለት ሦስት ቁጥር ብቻ አውጡና ምንጩን ከሥሩ አስቀምጡ።

ነገ ስትሄዱ ጥያቄያችሁን በአንድ መስመር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ። ከዚያ መደርደሪያው መሃል ብቻችሁን ከመንከራተት የላይብረሪ ሠራተኞቹን ጠይቁ። በደንብ የተጠየቀ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል።