የስቱዲዮ ሪሞት ኮንሶሎች ገመድና ኃይል፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አምስቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ስለሆኑ አንድ ላይ ላነሣቸው ወድጃለሁ። ጉዳዩ ዋናው መሣሪያ በሌላ ክፍል ተቀምጦ ባለሙያው ከሚክሰሩ አጠገብ ሆኖ የሚያዝበት የሪሞት ኮንሶል ነው።

ጥያቄ፦ ሌክሲኮን 480ኤል ሪቨርብ (ለድምፅ የአዳራሽ ዓይነት ማስተጋባት የሚጨምር መሣሪያ) አለን። ላርክ የሚባለውን ሪሞቱን በ15 ሜትር ገመድ ስንሠራበት ደህና ነበር። ዋናውን መሣሪያ ወደ ሌላ ክፍል አዛውረን ገመዱን 40 ሜትር ካደረስነው ወዲህ ግን ማሳያው ይርገበገባል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። ሪሞቱ ተበላሽቶ ይሆን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከሪሞቱ በፊት ገመዱን ጠርጥሩ። ላርክ ትእዛዝ የሚለዋወጠውም ኃይል የሚያገኘውም በዚያው ባለ9 ፒን ገመድ ነው። ትእዛዙ ርቀት ብዙም አያሸንፈውም፤ ብዙ የስቱዲዮ ሪሞቶች የሚጠቀሙበት አርኤስ-422 የተባለው አሠራር በተጠማዘዘ ጥንድ ሽቦ፣ ፍጥነቱ ዝቅ ካለ፣ እስከ 1200 ሜትር ድረስ መልእክት ያደርሳል። በመንገድ የሚደክመው ኃይሉ ነው።

ስሌቱን በምሳሌ ላሳያችሁ። ውፍረቱ 0.22 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ በየሜትሩ 0.08 ኦም ያህል ይቃወማል። ኃይል ሄዶ ስለሚመለስ የ40 ሜትር ገመድ 80 ሜትር ሆኖ ይቆጠራል፤ ይህም ከ6 ኦም በላይ ነው። ሪሞቱ 0.4 አምፔር የሚስብ ከሆነ ሁለት ቮልት ተኩል ገመዱ ላይ ይቀራል፤ ከዋናው መሣሪያ 9 ቮልት ቢወጣ ሪሞቱ ዘንድ የሚደርሰው 6.5 ብቻ ይሆናል ማለት ነው። በውስጡ ያለው የተለመደው ባለ5 ቮልት ሬጉሌተር (ቮልቴጁን አረጋግቶ የሚሰጠው ክፍል) ደግሞ በትክክል ለመሥራት 7 ቮልት ያህል ይፈልጋል። መብራቶቹ ብዙ ሲበሩ ፍጆታው ስለሚጨምር ማሳያው የሚርገበገበው ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ቴስተራችሁን ይዛችሁ ሪሞቱ ዘንድ ሂዱና፣ ሪሞቱ ተሰክቶ እየሠራ ሳለ፣ የኃይሉን ፒን ለኩ። ገመዱን ነቅላችሁ ብትለኩ ጫና ስለሌለ ቁጥሩ ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ በዚህ ምክንያት ደህና ሪሞት ተፈትቶ ለጥገና ሲላክ ደጋግሜ አይቻለሁ። ጉድለቱ ከተረጋገጠ ለኃይሉና ለመመለሻው 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ተጠቀሙ፤ ከላይ ባለው ምሳሌ ብክነቱ ከአንድ ቮልት በታች ይወርዳል። ይህ ካልተመቸ በሪሞቱ አጠገብ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ከዋናው መሣሪያ የሚመጣውን የፖዘቲቭ ሽቦ ብቻ ለዩት እንጂ የጋራውን ግራውንድ (የመመለሻውን ሽቦ) አትቁረጡት፤ አለበለዚያ ትእዛዙ መነሻ ያጣል።

ጥያቄ፦ ባለ9 ፒን የኮምፒውተር ገመድ ገበያ ላይ በርካሽ አለ። ለሪሞት ቢሆነኝስ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የመሰኪያው ቅርጽ መመሳሰል የሽቦውን መመሳሰል አያረጋግጥም። አንዳንዶቹ 2ኛውንና 3ኛውን ፒን አጠላልፈው የተሠሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ዘጠኙ ሽቦ የላቸውም። ከተጠላለፉት ፒኖች አንዱ ኃይል የሚያልፍበት ከሆነ የትእዛዝ ማስተላለፊያው ቺፕ በቅጽበት ሊቃጠል ይችላል። ሁለቱም ጫፍ ከመሣሪያ ሳይገናኝ ፒን በፒን በቴስተር ይፈትሹት፤ የጎረቤት ፒኖች አለመነካካታቸውንም እንዲሁ። እኔ ራሴ በብየዳ በሠራሁት ገመድ መሰኪያ ውስጥ፣ ከሽልዱ (ሽቦዎቹን ዙሪያቸውን ከሚሸፍነው የብረት መረብ) የተረፈ እንደ ፀጉር የቀጠነ አንድ ሽቦ በኃይሉ ፒን ላይ ተጋድሞ አግኝቻለሁ። ሽፋኑ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ በዓይን የሚታይ አልነበረም።

ጥያቄ፦ ከዚህ ከአሜሪካ ለቤተሰቤ ስቱዲዮ ከነሪሞቱ አንድ የቆየ መሣሪያ ልልክ ነው። ኃይሉ ያስማማዋል? (ከዋሽንግተን አካባቢ)

መልስ፦ አሜሪካ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ፣ ኢትዮጵያ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ናቸው፤ ኸርዝ ማለት ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚያደርገው ዙር ነው። ሪሞቱ ኃይሉን ከዋናው መሣሪያ የሚቀበል ከሆነ ስለ እሱ አይጨነቁ። በዋናው መሣሪያ ጀርባ የቮልቴጅ መቀየሪያ ካለ ወደ 220 ወይም 230 ያዙሩትና ፊውዙንም መመሪያው ለዚያ ቮልቴጅ ባዘዘው ይተኩት፤ ቮልቴጁ በእጥፍ ገደማ ሲጨምር የሚሳበው አምፔር በግማሽ ያህል ስለሚቀንስ የቀድሞው ፊውዝ አደጋ ሲመጣ ቶሎ አይቆርጥም። መቀየሪያ ከሌለው ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ሆኖም ትራንስፎርመር ኸርዙን አይለውጥም። ለ60 ኸርዝ ብቻ ተብሎ የተሠራ መሣሪያ በ50 ኸርዝ ከልክ በላይ ሊግል ስለሚችል ሳጥን ውስጥ ከማሸግዎ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ ያንብቡ። ሪሞቱ የራሱ አዳፕተር ካለውና 100–240 የሚል ከተጻፈበት ግን የመሰኪያውን ቅርጽ ማስማማት ብቻ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሪሞቱን ስሰካ ስፒከሩ ያጉረመርማል። የኧርዙን ሽቦ ልቁረጠው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በፍጹም። ኧርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ፣ የሰው ሕይወት መጠበቂያ ነው። ድምፁ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ሁለቱ ክፍሎች በተለያየ ሶኬት ኧርዝ አግኝተው በገመዱ ሽልድ በኩል ዑደት ሲፈጥሩ ነው። የሁሉንም መሣሪያዎች ኃይል ከአንድ መስመር ይውሰዱ። ካልጠፋ፣ የአምራቹ መመሪያ ከፈቀደ፣ ሽልዱን በዋናው መሣሪያ በኩል ብቻ አገናኝተው በሪሞቱ በኩል ክፍት ይተዉት፤ ይህም ኃይሉ በሽልዱ የማይመለስ ከሆነ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ሪሞቱን መሣሪያው እንደበራ መንቀልና መልሶ መሰካት ጉዳት አለው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አለው። በተለመደው ባለ9 ፒን መሰኪያ የትኛው ፒን ቀድሞ እንደሚነካ አይታወቅም። ግራውንዱ ኋላ ከቀረ ኃይሉ መመለሻውን በትእዛዙ መስመር በኩል ይፈልጋል፤ ያ መስመር ደግሞ ይህን ጫና ለመሸከም አልተሠራም። መጀመሪያ ዋናውን መሣሪያ ያጥፉ፣ ጥቂት ሰከንድ ይታገሡ፣ ከዚያ ይሰኩ። ገመዱ በእግር ተጎትቶ በሥራ መካከል እንዳይነቀልም የመሰኪያውን ሁለት ብሎኖች በሁለቱም ጫፍ ያጥብቋቸው።