መልስ፦ ሐረር ጀጎል ውስጥ ምን ልብላ?

ወንድሜ፣ «ለሁለት ቀን ሐረር እሄዳለሁ፣ ከሆቴል ምግብ ውጭ ጀጎል ውስጥ ምን ልብላ?» ላልከው፣ በመጀመሪያ ቁርስህን ሆቴል እንዳትበላ። በጠዋት ፈረስ መጋላ አደባባይ ሂድና ፈጢራ ፈልግ። ሠሪው ሊጡን ዘይት በተቀባ ጠረጴዛ ላይ በእጁ እየሳበ እንደ ወረቀት ያሳሳዋል፣ ከዚያ የጋለ ብረት ምጣድ ላይ ጥሎ እንቁላል ይሰብርበታል፣ ዳር ዳሩን አጥፎ ያገላብጥና ቆራርጦ ያቀርብልሃል። ማር አድርግበት በለው። እዚያው በትኩሱ ነው የሚበላው፣ ከቀዘቀዘ ዋጋ የለውም።

ከዚያ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ወደ ጊድር መጋላ ገበያ ውረድ። የግመል ሥጋ ሳምቡሳ ሳትቀምስ እንዳትመለስ፣ እኔ ከበሬው አስበልጠዋለሁ። ሥጋ ይዘህ ስትወጣ ግን ወደ ላይ እያየህ፤ ጭልፊቶቹ ከእጅህ ላይ ነጥቀው ነው የሚሄዱት። ሥጋው በአብዛኛው የሙስሊም ነው፤ ያ የማይሆንልህ ከሆነ ፉልና ፈጢራ አለልህ።

ሑልበት መረቅ የሚባለውን የአብሽ ምግብ በምግብ ቤት ብትፈልግ ላታገኝ ትችላለህ፣ የቤት ምግብ ነው። ሐረሪ ቤት በእንግድነት ካረፍክ ግን ቀደም ብለህ ጠይቃቸው፣ ደስ እያላቸው ይሠሩልሃል። ቁጢም አስፈላልኝ በል፤ የቡና ቅጠል ነው፣ ከወተት ጋር ግሩም ይሆናል።

አርብ ቀትር ላይ ለጁምዓ ብዙው ይዘጋል፣ ምሳህን ቀደም አድርገህ ብላ። ረመዳን ከሆነ ደግሞ ቀኑን እርሳውና ለአፍጥር ሰዓት ውጣ።